በየደጁ የጠየቅነው ጥያቄ

ሸክላ ሠሪዋን መጀመሪያ ያየኋቸው ከአጥር ውጭ ቆመው ነው። ከእስቴ ከተማ ከመካነ ኢየሱስ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ የገጠር ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ሆኜ ተመድቤ ከሄድሁ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር። የተከራየሁት ክፍል ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ደብተር ሳርም፣ ቀጠን ረዘም ያሉ ሴት ሸክማቸውን ከጀርባቸው አውርደው ሁለት እንስራና አንድ ድስት አጥሩ ሥር ደረደሩ። ከዚያ ዓይናቸውን እግራቸው ላይ ተክለው ቆሙ። አልተጣሩም፤ ወደ ግቢውም አልገቡም። የሚያያቸው ሰው እስኪወጣ ዝም ብለው ጠበቁ።

አከራዬ ወጣች። ከእኔ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ብትበልጥ ነው፤ ባሏ አራሽ ነው፣ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላው አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። ድስቷን በእግሯ ነካ አድርጋ "ይቺን በስንት ነው የምትሰጭኝ?" አለች። በዕድሜ እናቷ የሚሆኑትን ሴት "አንቺ" ስትላቸው ሰምቼ ከደብተሩ ቀና አልሁ። ሴትዮዋ ድስቷን የሚሞላ ገብስ አሉ፤ በዚያ አገር የሸክላ ዋጋ ብዙ ጊዜ ዕቃው የሚይዘው እህል ነው። ተስማምተው ገብሱ እየተሰፈረ ሳለ ልጁ ከቤት እየሮጠ ወጣ። አከራዬ ስፍሩን ጥላ ነጠላዋን ፊቱ ላይ ጣል አደረገችና አቅፋ አስገባችው። ሸክላ ሠሪዋ ቀድመዋት ዞረው ነበር። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው፣ የልጁ ድምፅ ከቤት ውስጥ እስኪሰማ ድረስ አልተመለሱም።

ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ያደግሁት ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ከተማ ነው፤ ሸክላ የሚሠራ ሰው ቡዳ ነው፣ ያየው ልጅ ይታመማል የሚለውን ወሬ ለመስማት እስቴ ድረስ መምጣት አላስፈለገኝም። እናቴም ልጅ ሆኜ ፊቴን ሸፍናኛለች። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስወጣ ግን ይህን ሁሉ የተውሁት መስሎኝ ነበር። ሌላ ቀን አንድ የውሃ ማሰሮ ስገዛቸው "ስንት ይላሉ እናቴ?" አልኋቸው። ዓይናቸውን ከመሬት አንሥተው ለአንድ አፍታ አዩኝና መልሰው ጣሉት። በዚያች አፍታ እኔም ዓይኔን ወደ ማሰሮው አሸሸሁ። ፈርቼ እንደነበር ለራሴ ያመንሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

በጥቅምት የአከራዬ ልጅ ታመመ። በትኩሳት ጀመረው፤ ከዚያ የቀመሰውን ሁሉ ማስመለስ ሆነ። በዚያ ሰሞን በአካባቢው ብዙ ሕፃናት እንደዚያ ታመው ነበር፤ አንዳንዱ በሳምንቱ ተነሥቶ ይጫወታል፣ አንዳንዱ ይከሳል። የእሱ ባሰ። በአራተኛው ቀን አባቱና ሁለት ጎረቤቶች እየተቀባበሉ ወደ መካነ ኢየሱስ ይዘውት ሲሄዱ መንገድ ላይ ሞተ። ከተማው ሳይደርሱ ተመለሱ።

የእኔን ክፍልና የእነሱን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ከቀብሩ በኋላ በነበሩት ሳምንታት አከራዬ የምትናገረውን ሁሉ ሰምቻለሁ። አትጮህም ነበር። ሊያስተዛዝኗት ከመጡ ሴቶች ጋር ተቀምጣ ቀስ ብላ ያንኑ ትደጋግማለች። ልጁ ከመታመሙ በፊት በነበረው ሳምንት ሸክላ ሠሪዋ መጥታ አጥሩ ሥር ቆማለች፤ ልጁ ደጅ ነበር፤ አከራዬ ሊጥ እየለወሰች ስለነበር ነጠላዋን ፈጥና አላነሣችም። "እጄ ሊጥ ነበር" ትላለች። ሁልጊዜ እዚያ ላይ ስትደርስ ታቆማለች።

ኅዳር ሲገባ በስምንተኛ ክፍል መጽሐፍ ስለ መረጃ አሰባሰብና ስለ ፕሮባብሊቲ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ደረስን። የመጽሐፉ ምሳሌ የጫማ ቁጥር ነበር። የተማሪዎቼ ጫማ አብዛኛው ቁጥሩ የተፋቀ የፕላስቲክ ኮንጎ ስለነበረ ምሳሌው አላስኬደንም። መጽሐፉን ዘግቼ፣ ቤታችሁ ውስጥ የምትከራከሩበትን፣ ቢቆጠር ሊታወቅ የሚችል አንድ ጥያቄ በወረቀት ጽፋችሁ አምጡ አልኋቸው።

በማግሥቱ ያመጡትን ወረቀት ክፍሌ ተቀምጬ አነበብሁት። በሚካኤል ዕለት ሁልጊዜ ይዘንባል ወይ የሚል ነበር። ከቀይዋና ከነጭዋ ዶሮ የትኛዋ ብዙ ትጥላለች የሚል ነበር። አንዱ፣ አባቴ ገበያ በወጣ ቁጥር ሰክሮ ነው የሚመለሰው ወይስ አልፎ አልፎ ነው፣ እናቴ ሁልጊዜ ነው ትላለች ብሎ ጽፏል። ከሁሉ ሥር ስም ያልተጻፈበት ወረቀት አገኘሁ። "ሸክላ ሠሪዋ የሄደችበት ቤት ልጅ ይታመማል ይባላል። እውነት ነው?" ይላል።

ያን ወረቀት ከሌሎቹ ለየሁት። ከግድግዳው ወዲያ አከራዬ ለአንዲት ጎረቤት ያንኑ ነገር ስትነግራት ይሰማኛል። ይህ ነገር እኮ ይቆጠራል አልሁ ለራሴ። ተቆጥሮ ውሸት መሆኑ ከታየ ሴትዮዋ ፊታቸውን ሳያዞሩ ይሄዳሉ፤ ይቺም እናት በሊጧ ምክንያት ልጇን ለቡዳ ያስበላችው መስሏት መኖሯ ይቀራል። እንዲህ ነበር ያሰብሁት። ከዚህ ሌላ ደግሞ፣ ወደዚያ ትምህርት ቤት ከተመደብሁ ጀምሮ፣ ዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ነገር ለአንድ ሰው እንኳ የሚጠቅምበት ቀን እንዲመጣ ፈልጌ ነበር። እሱንም መደበቅ አይገባኝም።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ አራት ማዕዘን ሠርቼ በመስቀል ለአራት ከፈልሁት። አንደኛው፣ ሴትዮዋ መጥተው ልጅ የታመመበት ቤት። ሁለተኛው፣ መጥተው ልጅ ያልታመመበት። ሦስተኛው፣ ሳይመጡ ልጅ የታመመበት። አራተኛው፣ አልመጡም፣ ልጅም አልታመመም። ሰው የሚያወራው የመጀመሪያውን ሳጥን ብቻ ነው፤ ሦስቱን ማንም አያነሣም አልኋቸው። ከፊት የሚቀመጥ አንድ ፈጣን ልጅ እጁን አውጥቶ "ቲቸር፣ ካልታመመ ማን ያስታውሰዋል?" አለ። ክፍሉ ሁሉ እንዲያጨበጭብለት አደረግሁ።

እያንዳንዱ ተማሪ በሰፈሩ ዐሥር ቤት እንዲጠይቅ ወረቀት አዘጋጅቼ ሰጠሁ። ጥያቄው ሁለት ብቻ ነበር። ከመስከረም ወዲህ ሸክላ ሠሪዋ ቤታችሁ መጥታለች? ከመስከረም ወዲህ ቤታችሁ ውስጥ ልጅ ታሟል? ወረቀቱ ላይ "መጥታለች" ብዬ ነው የጻፍሁት፤ "መጥተዋል" ብል ሰው ማንን ማለቴ እንደሆነ አይገባውም ብዬ።

በዚያው ሳምንት የደብሩን መሪጌታ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ጋይንት ቤተ ልሔም ወርደው ድጓ የተማሩ፣ ንግግራቸው ረጋ ያለ አዛውንት ናቸው። ልጆቹ በየቤቱ ምን እየጠየቁ እንደሚዞሩ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ሳጥኖቹን ሳይቀር በስንጥር መሬት ላይ ሥዬ አሳየኋቸው። በትዕግሥት ተመለከቱ፣ አካሄዱም ገባቸው።

"ሐሳብሽን አልጠላሁትም" አሉኝ። "ነገር ግን ይህን ሳጥን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ልጁ ደጅ ቆሞ የሚለው፣ ሸክላ ሠሪዋ መጥታለች ወይ፣ ልጅስ ታሟል ወይ ነው። ይህን የሰማች እናት ምን ትላለች?"

"መልሱን ትነግረዋለች" አልሁ።

"እሱንማ ትነግረዋለች" አሉ። ከዚያ እንግዲህ የተማርሽው አንቺ ነሽ ብለውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ። የመጨረሻዋን ቃል እንደ ምርቃት ወሰድኋት።

ወረቀቶቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመለሱ። ስገላልጣቸው፣ ልጆቹ ሰርዘው ጥጉ ላይ ከጻፉት አንድ ነገር አየሁ። ልጅ በታመመበት ቤት ያሉ እናቶች መጀመሪያ አልመጣችም ይሉና፣ ትንሽ ቆይተው ያስታውሳሉ። አንዷ "አሁን ስትጠይቀኝ ትዝ አለኝ፣ በመንገዱ ስታልፍ አይቻታለሁ" ብላለች። ሌላዋ የጠየቃት ልጅ ከሄደ በኋላ ሰው ልካ መልሷን አስቀይራለች። ልጅ ባልታመመበት ቤት ግን ሁሉም አላስታውስም ይላል። ይህን ለክፍሉ አስረዳሁ። ሰው ክፉ ነገር ሲደርስበት ወደ ኋላ ሄዶ ምክንያት ይፈልጋል፤ መልሱም በዚያው ያዘነብላል፤ ስለዚህ ቈጣሪ ይህን ማወቅ አለበት አልሁ። ጥሩ ትምህርት ነበር፣ ልጆቹም በደንብ ገባቸው። እነዚያ እናቶች እኛ ደጃቸው እስክንቆም ድረስ ሴትዮዋን ጭራሽ አስበዋቸው እንደማያውቁ ግን አልታየኝም።

በትክክል ያልተሞላ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር። ከኋላ በመስኮቱ በኩል የምትቀመጥ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት ያመጣችው። በመጀመሪያው መስመር "መጥታለች?" ለሚለው "ሁልጊዜ" ብላለች። "ልጅ ታሟል?" ለሚለው "አልታመመም" ብላለች። የቀሩት ዘጠኝ መስመሮች ባዶ ናቸው። ሰንፋ ያላገጠች መሰለኝ። በቀይ እስክሪብቶ "በትክክል አልተሞላም" ብዬ ጽፌ ከቈጠራው አወጣሁት።

ቅዳሜ ቀን አልጋዬ ላይ እህል ዘርግቼ ቈጠርሁ። ልጅ ለታመመበት ቤት አንድ ሽንብራ፣ ላልታመመበት አንድ ስንዴ። ሴትዮዋ ከሄዱባቸው ቤቶች ከሦስቱ በአንዱ ገደማ ልጅ ታሟል። ካልሄዱባቸውም ከሦስቱ በአንዱ ገደማ። እንዲያውም የሄዱባቸው ትንሽ ያንሳሉ። በስልኬ ደጋግሜ አካፈልሁት፤ አልተለወጠም። እናቶቹ ወደ እሳቸው ያዘነበሉትን መልስ ሁሉ ይዞ እንኳ ልዩነት የለውም። ደስታዬን የማካፍለው ሰው አጥቼ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልሁ። አከራዬ የተሰጣ ገብስ ስታገላብጥ አይታኝ ምን አግኝተሽ ነው አለችኝ። በወላጆች ስብሰባ ታያለሽ አልኋት።

ስብሰባው በታኅሣሥ፣ ውቂያው ጋብ ባለበት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሆነ። ርእሰ መምህሩ ግማሽ ሰዓት ሰጠኝ። በትልቅ ካርቶን ላይ አራቱን ሳጥኖች ሠርቼ ሽንብራውንና ስንዴውን በሙጫ ለጥፌበት ነበር፤ እያንዳንዷ ፍሬ አንድ ቤት ናት። ማንበብ የማይችል ሰውም አይቶ እንዲገባው ብዬ ነው። ቀስ ብዬ አስረዳሁ።  ከፊት ያሉት ወንዶች ካርቶኑን ለማየት ቀረብ ሲሉ የገባቸው መሰለኝ።

አከራዬ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች።

"የእኔ ቤት የትኛዋ ናት?" አለች።

የትኛዋ እንደሆነች አውቃለሁ፤ ፍሬዋን ሳጣብቅ አከራዬን ለብቻዋ አስቤያት ነበር። አላውቅም ማለት እችል ነበር። በመጀመሪያው ሳጥን ጥግ ያለችውን ሽንብራ በጣቴ አሳየኋት። አከራዬ በሰው መካከል አልፋ መጣችና ጎንበስ ብላ ፍሬዋን አየቻት። በጣቷ ነካቻት።

"እዚህ ያለው ምን የሆነው ነው?" አለች።

"ሴትዮዋ መጥተው ልጅ የታመመበት ቤት ነው" አልሁ።

"እንግዲያው ተጽፏል።"

የሌሎቹን እንድታይ ለመንኋት። ሳይመጡም ይህን ያህል ልጅ ታሟል፣ መጥተውም ይህን ያህል ልጅ ደኅና ሆኗል እያልሁ ጣቴን ከሳጥን ወደ ሳጥን አመላለስሁ። አከራዬ የሌላው ምን ያደርግልኛል ብላ ተመልሳ ቦታዋ ተቀመጠች። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ ትምህርት ቤት የሚያህል ነገር ይህን ሁሉ ቤት የጠየቀው ያለ ነገር ነው ወይ አሉ። መንግሥት ነው የላከሽ ያለም ነበር። አይደለም አልሁ፤ ለማስተማር ነው አልሁ፤ ምንም እንዳላደረጉ ለማሳየት ነው አልሁ። ባስረዳሁ ቁጥር የሴትዮዋ ነገር እንደ አዲስ ይነሣል። ሌሎች ሴቶች ደግሞ እየመጡ የእኔስ ቤት የትኛዋ ናት ይሉኛል። ልጅ ላልታመመባቸው ስንዴ ሳሳያቸው ደስ አላላቸውም። አንዷ ፍሬዋን ትክ ብላ አየችና "ገና ነው ማለት ነው" አለች።

መሪጌታም ነበሩ። ከሁሉ በኋላ ተነሥተው፣ እንዲህ ያለውን ወሬ ማመን ለክርስቲያን እንደማይገባ ተናገሩ። ሰው አሜን ብሎ ተበተነ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ነገር ሁሉ በአንድ ቀን የሆነ አይደለም። መጀመሪያ ሸክላ የሚገዛ ጠፋ። ሴትዮዋ አጥር ሥር ቆመው ሲጠብቁ ማንም አይወጣም። ከዚያ መካነ ኢየሱስ ገበያ ሲሄዱ መንገድ ላይ ጎረምሶች ሸክማቸውን በድንጋይ መቱት፤ እንስራዎቹ ጀርባቸው ላይ እንደታዘሉ ተሰበሩ። ጭቃ የሚያወጡበትን ጉድጓድ አንድ ሰው በጓል ደፈነው። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከተማሪዎች ነው፤ ሲያወሩ እኔ ስጠጋ ያቆማሉ።

በመስኮቱ በኩል የምትቀመጠዋ ልጅም መምጣት አቆመች። በሁለተኛው ሳምንት የት እንዳለች ክፍሉን ጠየቅሁ።  ያ ያስጨበጨብሁለት ልጅ ነው የተናገረው።

"የሸክላ ሠሪዋ የልጅ ልጅ እኮ ናት፣ ቲቸር። አያውቁም ነበር?"

አላውቅም ነበር። ትምህርቱን እንደምንም ጨርሼ ክፍሌ ሄድሁና ከመሳቢያዬ ያን ወረቀት አወጣሁት። ሁልጊዜ። አልታመመም። ሴትዮዋ ልጅን ጠዋትም ማታም ፊት ለፊት የሚያዩበት ቤት በዚያ አገር አንድ ብቻ ነበር፣ ከዚያ ቤት የመጣውን መልስ እኔ በቀይ ቀለም ሰርዤ ጥዬዋለሁ። ከሦስት ወር በላይ ያስተማርኋትን ልጅ፣ ከዐሥር ቤት ደጅ ቆመሽ ስለ አያትሽ ጠይቂ ብዬ ልኬያታለሁ።

በማግሥቱ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ከወንዙ ማዶ፣ ከሰው ቤት ራቅ ብሎ ያለ አንድ ጎጆ ነው። ደጁ ላይ ያልተተኮሱ ሸክላዎች ተደርድረው ደርቀዋል፤ የሚገዛ ስለሌለ ማገዶ አላጠፉባቸውም። ልጅቷ አይታኝ ወደ ውስጥ ገባች፤ እስክሄድ ድረስም አልወጣችም። ሸክላ ሠሪዋ "መምህርት ነዎት" ብለው በርጩማ አውጥተው ሰጡኝ። እሳቸው መሬት ተቀመጡ።

ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት አልኋቸው። ያሰብሁትንም፣ የቈጠርሁትንም፣ ምንም ልዩነት እንዳላገኘሁም ነገርኋቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ስንት ቤት እንደጠየቅን ጠየቁኝ። ከቀበሌው ግማሽ ያህሉን ነው አልሁ።

"የሚገዙኝን ቤቶች አውቃቸዋለሁ" አሉ። "ጥቂት ናቸው። ሌላው ሰው እኔን የሚያነሣኝ ልጁ ሲታመም ነበር፤ እሱም በየጓዳው። እናንተ በዞራችሁበት ሳምንት ግን ያልታመመበትም አነሣኝ። አሁን ልጁ ደኅና የሆነው ሰው ሁሉ ተራውን እየጠበቀ ነው የሚያየኝ።"

ከዚያ እሳቸው ጠየቁኝ።

"በየቤቱ ስትጠይቁ ለምን እኔን አልጠየቁኝም?"

"ብጠይቅዎ ምን ይሉኝ ነበር?"

"ተዪው እልሽ ነበር።"

ይህን ሲሉኝ ፊታቸውን አላዞሩም፤ ቀጥ ብለው አዩኝ። ልጅቷ ትምህርቷን እንዳትተው ለመንኋቸው። እኔ ራሴ ጠዋት መጥቼ እወስዳታለሁ፣ ማታ እመልሳታለሁ አልሁ። እስከ መቼ አሉኝ። ከዚያ የወረቀቱን ነገር ራሳቸው አነሡት። ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ ስታለቅስ አግኝተዋት፣ ሌላ ሰው ደጅ ሄደሽ እኔን ልትጠይቂ አትችይም፣ የራስሽን ቤት እውነቱን ጻፊና ስጪ ብለዋት ነበር።

"ደኅና አድርጋ ጻፈችው?" አሉኝ።

"በደንብ ጽፋዋለች" አልሁ። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ጉልበቴ ላይ ነበር። አላወጣሁትም።

ከጥምቀት በኋላ ጎጆው ባዶ ሆነ። ወደ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ አካባቢ ዘመድ አላቸውና ወደዚያ ሳይሄዱ አልቀሩም ብለው የነገሩኝ መሪጌታ ናቸው። ጥፋቱ የእኔ ብቻ እንዳልሆነም ነገሩኝ፤ ያን ሁሉ ዓመት በደብሩ ሲያገለግሉ ወንዙን ተሻግረው ያን ቤት ጠይቀው እንደማያውቁ። ባዶውን ጎጆ ማንም አልነካውም፣ ለማገዶ እንኳ።

በየካቲት ሕፃናት እንደገና ታመሙ። ያው ትኩሳት፣ ያው ማስመለስ። በሽታው ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሰው ከመሄዷ በፊት አይታቸው ነው አለ። ከአከራዬ ጋር እዚያው ግቢ ኖርን፤ ጠዋት ሰላም እንባባላለን፣ ጨው ሲጎድለኝ ትሰጠኛለች። ስለ ልጇ ግን እኔ ባለሁበት ሁለተኛ አልተናገረችም። የታመሙትን ልጆች ልቈጥር ይገባኝ ነበር፤ ሴትዮዋ ከሄዱ በኋላ የመጣ በሽታ ከማንኛውም ሳጥን የበለጠ ይናገራል። አልቈጠርሁም።

ለፋሲካ ወላጆቼ ጋ አርብ ገበያ ስሄድ፣ ርእሰ መምህሩን ለምኜ የልጅቷን መሸኛ አስጽፌ ይዤ ነበር። መሸኛ ካላት ሌላ ትምህርት ቤት ይቀበላታል። ከበዓሉ በፊት ባለው ገበያ ቀን ወጣሁና ሸክላ በሚሸጥበት በኩል ፈለግኋቸው፤ የሉም። ተስፋ ቆርጬ ስመለስ ቅመም ከሚሸጡት መደዳ ውስጥ አየኋቸው። ነጭ ሽንኩርት በመደብ በመደብ አድርገው ከፊታቸው ዘርግተዋል። አጠገባቸው ያለችው ነጋዴ "እትዬ" እያለች ታጫውታቸዋለች። ሕፃን ያዘለች ገዢ ፊታቸው ጎንበስ ብላ ስትመርጥ ሕፃኑ እጁን ዘረጋባቸው፤ ጣቱን ይዘው ሣቁለት።

ከዚያ እኔን አዩኝ። ሣቃቸው ጠፋ። ተመልሼ መሄድ ነበረብኝ፤ ግን መሸኛው እጄ ላይ ነው። እንደ ገዢ ተጠግቼ ተቀመጥሁና ለልጅቷ ወረቀት እንዳመጣሁ ቀስ ብዬ ነገርኋቸው።

"ደብረ ታቦር ሰው ቤት ገብታለች" አሉኝ፣ ሽንኩርቱን እያስተካከሉ። "ከሄደች ወር አልፏታል።"

"ብትመለስስ?"

"ምን ልትበላ?" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አደረጉ። "እዚህ ሸክላ እንደምሠራ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛ በዚህ በኩል አትምጪ፣ ልጄ።"

አንድ መደብ ሽንኩርት አንሥተው ሰጡኝ፤ ሳልገዛ ብነሣ ጎረቤታቸው ትጠይቃቸዋለችና። ከፈልሁና ሄድሁ። አባቴ ቤት በዓሉን ውዬ ዳግም ትንሣኤ ሳይደርስ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ የዓመቱን ሪፖርት የማዘጋጀው እኔ ነበርሁ፤ የሒሳብ መምህርት ስለሆንሁ ቁጥር ያለበት ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ትምህርት ያቋረጡ ተማሪዎች በምክንያት በምክንያት የሚሞሉበት ቅጽ አለ። ጋብቻ፣ ሕመም፣ ርቀት፣ የቤተሰብ አቅም ማነስ፣ ሌላ ይላል። የሌሎቹን ሞልቼ ስጨርስ የእሷ ቀረ። "ሌላ" ከሚለው ሥር አንድ ብዬ ጻፍሁና ለፊርማ ወሰድሁት።

ርእሰ መምህሩ አነበበውና፣ "ሌላ" ካልን ምክንያቱ ይብራራ ይሉናል አለኝ። ላብራራ እችላለሁ አልሁት፤ ከጀርባው ባዶ ቦታ አለ።  ክፉ ሰው አልነበረም፤ መሸኛውን የጻፈልኝም እሱ ነው። ምን ብለሽ ልትጽፊ ነው አለኝ። ቅጹን ገልብጬ ብዕሬን ያዝሁ። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አልመጣልኝም።

"ርቀት አድርጊው" አለኝ በመጨረሻ። "አንድ ተማሪ ብቻ ናት።"

ሰረዝሁና "ርቀት" ከሚለው ሥር አንድ ጨመርሁ። ፈረመበት፣ ማኅተም አሳረፈበት፤ በማግሥቱ ወደ ወረዳ ሄደ።